ከእምነት ወንድምና እህት ጋር ስለመኖር፦ በወሎ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች የምንሰማቸው ጽዋ ከተጠጣ በኋላ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ ስንወጣ፣ አንዳንዴም በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው። ጠያቂዎቹ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያና በዙሪያቸው ካሉ ገጠሮች ናቸው። መልሱ የተጻፈው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ዓይን ቢሆንም የተጠቀሱትን መጻሕፍት ክርስቲያን የተባለ ሁሉ ያነባቸዋል፤ ከሲራክ በቀር። እርሱንም ቢያነቡት የሚጎዳቸው የለም።

የማኅበር ወንድሜ በድሎኛል። ከየት ልጀምር?

ከራሱ ከበዳዩ ቤት። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ቁጥር 15 ላይ ያስቀመጠው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው፦ «ወንድምህም ቢበድልህ፣ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው፤ ቢሰማህ፣ ወንድምህን ገንዘብ አደረግኸው።» ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ትመለሳለህ። እነርሱንም ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን ትናገራለህ።

እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ከጫፉ ይጀመራል። የተከፋው ሰው መጀመሪያ ለቤተሰቡ ያወራል፤ ወሬው ቡና ላይ ይነሳል፤ ከቡናው ጠላ ቤት ይደርሳል፤ የማኅበሩ ሙሴ (መሪው) ይሰማል፤ ቄሱ ይሰማሉ። በዳይ የተባለው ሰው ከሁሉ በኋላ፣ ያውም ከገበያ ሲመለስ ከመንገደኛ አፍ ይሰማዋል። በዚያን ጊዜ የመጀመሪያውን በደል የሚያስታውስ የለም፤ ጠቡ «ስሜን አጠፋኸው» ወደሚል ዞሯል። ወደ እኛ ከሚመጡት ጠቦች ብዙዎቹ ይህ አንድ እርምጃ ስለተዘለለ ብቻ የገነኑ ናቸው ብንል አላጋነንም።

እንዴት ልሂድ ለሚል፦ በማኅበሩ ዕለት አይሁን፤ ሰው ይበዛል፣ ጠላም አለ። ከእርሻ ወይም ከሥራ ገብቶ፣ እግሩን ታጥቦ አረፍ ያለበትን ሰዓት ምረጥ። ልጆቹ ፊት አትጀምር፤ «እስቲ ወጣ እንበል» በለው። ከዚያ የሆነውን ተናገር እንጂ በሰውዬው ላይ አትፍረድ። «የሚካኤል ዕለት በሰው ፊት ‹የሰው እጅ ጠባቂ› ብለኸኛል፤ ከዚያ ወዲህ ቀና ብዬ ላይህ አልቻልኩም» ማለት አንድ ነገር ነው። «አንተ ድሮም ትዕቢተኛ ነህ፤ አባትህም እንዲያው ነበሩ» ማለት ሌላ ነው። ለመጀመሪያው ሰውዬው መልስ ይኖረዋል፤ ለሁለተኛው መልሱ ዱላ ነው። ተናግረህ ስትጨርስ ዝም ብለህ ስማው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 19 ላይ ባልንጀራህን ጠይቀው፣ ምናልባት አላደረገው ይሆናል፤ አድርጎት ከሆነም ዳግመኛ እንዳያደርገው ይላል። ብዙ ጊዜ ሰውዬው ምን እንደተናገረ ትዝ እንኳ አይለውም።

በዕድሜ የሚበልጥህ ከሆነ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ እንደጻፈው (1ኛ ጢሞ. 5፥1) እንደ አባት ለምነው። አንቱታውንም አትርሳ፤ በንዴት «አንቱ» ሲባሉ የኖሩትን ሰው «አንተ» ያልክ ዕለት ጥፋተኛው አንተ ሆነህ ታርፈዋለህ።

ሽማግሌ መላክ አይሻልም? ወሎ የሽምግልና አገር አይደለም ወይ?

ነው እንጂ። አበጋሮች ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ሲያስታርቁ የኖሩበት፣ በራያ ቆቦ በኩልም ዘወልዶች ለዚሁ ሥራ የሚከበሩበት አገር ነው። ይህን የሚያቃልል ሰው የአገሩን ትልቅ ሀብት ያቃልላል። ሆኖም ሽምግልና በወንጌሉ ቅደም ተከተል ሁለተኛው ደረጃ ነው። ሽማግሌ የተላከበት ሰው ወዲያው «ነገሩ አደባባይ ወጥቷል» ብሎ ያስባል፤ ከዚያ በኋላ የሚከራከረው ስለ ስሙ ነው። በሁለት ቃል ይበርድ የነበረ ቅሬታ እሑድ እሑድ ሰው ሲያስቀምጥ ይከርማል።

ብቻን መሄድ የማይገባበት ጊዜም አለ። ደም የፈሰሰበት፣ ዛቻ ያለበት፣ መሣሪያ የታየበት ነገር ላይ ያለ ሽማግሌ አትሂድ። አንዲት ሴት ክብሯን የነካውን ወንድ ብቻዋን ሄዳ እንድትወቅሰው የሚመክር ካለ ጥቅሱን ለማይሆን ቦታ እያዋለው ነው፤ እርሷ ወደ ፖሊስ ለመሄድ ማንንም ማስፈቀድ የለባትም።

ለሽማግሌዎችም አንድ ነገር እንበል። ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ «ተዉ በቃ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በሉ» ማለት ጠቡን ማሳደር ነው። ምሳሌ 18፥17 አስቀድሞ የሚናገር ሰው ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ጻድቅ እንደሚመስል ይነግረናል። ካሳ የሚገባ ከሆነም ይቆረጥ። ዘኬዎስ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ እንጂ (ሉቃ. 19፥8) «ይቅር በለኝ» ብሎ ብቻ አልተቀመጠም።

እርሱ በድሎኝ እንዴት እኔ እሄዳለሁ?

ማቴዎስ 18 የተበደለውን ሂድ ይለዋል። ማቴዎስ 5፥23 ደግሞ የበደለውን ሂድ ይለዋል። «እርሱ ይምጣ» ብሎ ለመቀመጥ የተፈቀደለት ሰው በወንጌሉ ውስጥ አላገኘንም።

ከሰው ጋር ተኳርፌ መቁረብ እችላለሁ?

ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ፣ በኋላም መጥተህ መባህን አቅርብ ብሏል (ማቴ. 5፥23-24)። በቅዳሴም ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» ሲል እርስ በርሳችን ሰላም እንድንባባል ማዘዙ ነው፤ ሕዝቡም ግራና ቀኝ ላለው ሰው እጅ ይነሳል። አንዳንዱ ምእመን ይህን አስቀድሞ አስልቶ የተጣላው ሰው በምዕራብ በር ሲገባ እርሱ በሰሜን ይገባል፣ ዓምድ ተገን አድርጎ ይቆማል፣ እጅ የሚነሳውም ለማያውቀው ሰው ነው። ለማያውቁት ሰው እጅ መንሳት ምን ይከብዳል?

ግሸን የሚወጣውም እንዲሁ ነው። ለመስከረም 21 ዳቦ ቆሎው ይሰናዳል፤ የአምባሰልን ዳገት የሚያወጣ ጫማ ይፈለጋል፤ ከአጥሩ ማዶ ካለው ጎረቤት ጋር ግን ሰላምታ ከተቋረጠ ዓመት አልፎታል። መንገዱ ከዚያ አጥር ቢጀመር መልካም ነው።

ሄደህ እምቢ ካለህስ? «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» (ሮሜ 12፥18) ይላልና የድርሻህን ከተወጣህ የእርሱ እምቢታ በአንተ ላይ አይቆጠርም። የሆነውን ሁሉ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ ስለ ቁርባኑ የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። ጠቡን ምክንያት አድርጎ ዓመታትን ሳይቆርቡ መኖር ግን ብዙዎቻችን የለመድነው መሸሻ ነው።

ይቅር ካልኩ ነገሩን ሁሉ ትቼ እንደ ድሮው መሆን አለብኝ?

የለብህም። ይቅርታ ቂምን ማውጣት ነው፤ መታመን ደግሞ በሥራ እየታየ የሚመለስ ነው። የማኅበሩን ገንዘብ ያጎደለን ሰው ይቅር ብሎ ዳግመኛ ገንዘብ ያዥ አለማድረግ ይቻላል፤ ለእርሱም ይበጀዋል። ሉቃስ 17፥3-4 በቀን ሰባት ጊዜ ቢበድልህ ሰባት ጊዜም ተጸጸትሁ ቢልህ ይቅር በለው ይላል፤ ከዚያ በፊት ግን «ገሥጸው» የሚል ትእዛዝ አለ። ተግሣጹን ትተን ይቅርታውን ብቻ የምንሰብክ ከሆነ በዳዩን አልረዳነውም።

ይህን ጥያቄ በባላቸው የሚደበደቡ እህቶች ሲጠይቁን መልሳችን ይጠነክራል። ሴት ልጅ ተደብድባ ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ ሽማግሌዎች ጉልበቷን ስመው፣ «ለልጆችሽ ብለሽ» ብለው በሳምንቱ ወደዚያው ቤት የሚመልሷት ከሆነ ያደረጉት ዕርቅ ዕርቅ አይባልም። ቆላስይስ 3፥19 ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲወዱ፣ መራራም እንዳይሆኑባቸው ያዛል። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥7 ደግሞ ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚከለከል ያስጠነቅቃል። ከልቧ ይቅር ያለች ሴት ወደ ሕግ ብትሄድ ይቅርታዋ አይፈርስም፤ ለክፉ አድራጊ ሰይፍ የያዘ ባለ ሥልጣን እንዲኖር የፈቀደው ያው መጽሐፍ ነውና (ሮሜ 13፥4)።

ለማኅበርተኛ ገንዘብ ማበደር፣ ዋስ መሆንስ?

ጠብ የሚወለድበት ዋናው ጓዳ ይህ ስለሆነ ረዘም እናድርገው።

ማበደር መልካም ነው። ዘዳግም 15፥7-8 ለድሃ ወንድምህ እጅህን አትጨብጥ ይላል። ዘጸአት 22፥25 ለተቸገረ ሲያበድሩ ወለድ መጫንን ይከለክላል። በወንድም ላይ አራጣ መብላት ለክርስቲያን የሚያከራክር ነገር አይደለም፤ «እርሱ ራሱ ይሁን ብሏል» የሚለው ምክንያትም አይሠራም፤ የቸገረው ሰው ምን አማራጭ አለው?

ጽሑፍ ግን ይኑር። «ከወንድሜ ጋር ምን ወረቀት ያስፈልገናል» የሚለው አባባል ለጆሮ ደስ ይላል፤ ከጊዜ በኋላ አንዱ ስድስት ሺህ ነበር ሲል ሌላው አራት ሺህ ነበር ይላል፣ ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። ኤርምያስ የአጎቱን ልጅ የአናምኤልን እርሻ ሲገዛ አሥራ ሰባቱን ሰቅል ብር መዝኖ ሰጥቷል፤ ውሉን ጽፎ አትሟል፤ ምስክርም አቁሟል (ኤር. 32፥9-12)። ነቢይ ሆኖ፣ ከዘመዱ ጋር፣ ያውም ከተማይቱ ተከብባ ሳለ! ወረቀት መጻፍ ወንድምን መጠርጠር አይደለም። የመክፈያውም ጊዜ ተለይቶ ይጻፍ፤ «እግዜር ሲያገኘኝ» ቀን አይደለም። ገበሬ ከሆነ እህሉ ተወቅቶ የሚሸጥበትን ወር፣ ደመወዝተኛ ከሆነ ወሩንና ቀኑን።

ስለ ዋስትና መጻሕፍቱ ሁለት ዓይነት ቃል አላቸው፣ ሁለቱም እውነት ነው። ምሳሌ 22፥26-27 ዋስ አትሁን፣ የምትከፍለው ባይኖርህ ከበታችህ ምንጣፍህን ይወስዱብሃል ይላል። ሲራክ ምዕራፍ 29 ደግሞ ደግ ሰው ለባልንጀራው ዋስ እንደሚሆን ይናገርና ራስህ እንዳትወድቅ ተጠንቀቅ ብሎ ያክላል። ስናጣምራቸው የሚወጣው ነገር ቀላል ነው፦ ተበዳሪው አንድ ሳንቲም ባይከፍል አንተ ልጆችህን ሳታስርብ ልትከፍለው ለምትችለው ያህል ብቻ ፈርም። ብድር በቡድን ዋስትና በሚወሰድበት ጊዜ ይህ ይበልጥ ይሠራል። አምስት ሆነው ሲወስዱ አንዱ ወደ ዐረብ አገር ቢሄድ ወይም በሬው ቢሞትበት ዕዳው በአራቱ ላይ ያርፋል። ከልብህ ካልሆንክ መጀመሪያ ላይ «አልችልም» በል፤ ወንድምህ የሚቀየምህ ለአንድ ሳምንት ነው።

ያልከፈለውን ሰው ስም በማኅበር ላይ ማንበብ ግን ነውር ነው። ብቻውን ጠርተህ አናግረው። በእውነት ካጣ፣ ጊዜ ስጠው። መክፈል እየቻለ ካስቸገረ ያን ጊዜ ሁለት ሰው ይዘህ ተመለስ።

ወንድሜን ፍርድ ቤት መክሰስ ኃጢአት ነው?

1ኛ ቆሮንቶስ 6 ላይ ጳውሎስ ወንድም ወንድሙን መክሰሱን አጥብቆ ይነቅፋል፣ «ብትበደሉ አይሻልምን?» እስከማለትም ይደርሳል። ይህን ቃል ግን ማን ለማን እንደሚጠቅሰው እንመልከት። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሰው መሬቱን የያዘው ወንድም ነው፣ የሚጠቀስባት ደግሞ ድርሻዋን የተከለከለች እህት። የአባታቸው የይዞታ ደብተር በወንድምየው እጅ ነው፤ እርሷ ስትጠይቅ «ክርስቲያን ወንድሟን አትከስም» ይባላል። ጳውሎስ በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 8 ላይ «እናንተ ግን ትበድላላችሁ ታታልሉማላችሁ፣ ያውም ወንድሞቻችሁን» ብሎ የሚቆጣው ማንን ነው? ያንን ወንድም ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ብቻ ለብቻ፣ ከዚያ ሽማግሌና የንስሐ አባት፤ ይህ ሁሉ ካልያዘ መብትን በሕግ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። በሉቃስ 18 ላይ ያለችው መበለት ዳኛውን ያሰለቸችው ፍርድ ፍለጋ ነበር፣ ጌታም አልነቀፋትም። ክስ ከተጀመረ በኋላም ቢሆን የዕርቅ በር አይዘጋም፤ ተከራካሪዎች ተስማምተው ሲመጡ ፍርድ ቤት ስምምነታቸውን ይመዘግባል።

ቡና ላይ የሰው ስም ሲነሳ ምን ላድርግ?

ሐሜቱን ያመጣውን ሰው «ለእርሱ ነግረኸዋል?» በለው። ይህ ጥያቄ አቦል ላይ ከተነሳ በረካ ላይ ሌላ ጨዋታ ይመጣል። «እንጨት ባለቀ ጊዜ እሳት ይጠፋል፣ ጆሮ ጠቢም በሌለበት ዘንድ ጠብ ጸጥ ይላል» (ምሳሌ 26፥20)። ከሁሉ የሚከፋው በጸሎት ስም የሚመጣው ነው፦ «እስቲ እገሊትን በጸሎት አስቧት፣ ቤቷ ሰላም የለም አሉ።» የምትጸልይላት ሰው ስሟን ለእግዚአብሔር ትንገር፤ እርሱ ዝርዝሩን ያውቀዋል።

በማኅበራችን ሀብታምና ድሃ እኩል አይታዩም። ምን ይደረግ?

ያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ የወርቅ ቀለበት ያደረገ ሰው ሲገባ «በዚህ በመልካም ስፍራ ተቀመጥ» እንደሚባል፣ ድሃው ደግሞ ቁም እንደሚባል ተጽፏል። የእኛን ማኅበር አይቶ የጻፈው ነው የሚመስለው። ከበር መኪና ያቆመ ሰው ሲገባ ብድግ ብድግ ይባላል፣ ትራሱ ይስተካከልለታል፣ ጠላውም ከላይ ከጠራው ይቀዳለታል። ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷ የነበሩት እማሆይ በሩ ሥር ከብርዱ ጋር ናቸው።

ከመቀመጫው ይልቅ የሚያሳስበን ግን የድግሱ ወጪ ነው። ጽዋ በዳቦ፣ በጠላና በንፍሮ ይዘከር ነበር። አሁን በየከተማው ተራው የደረሰው ሰው በግ ያርዳል፣ ቢራና ለስላሳ በሣጥን ያስመጣል፣ ቀጣዩም ከእርሱ ላለማነስ ይበደራል። ተራዋ ሲቃረብ «አሞኛል» ብላ መምጣት የምታቆም እህት ካለች ሕመሟን ከመጠየቅ በፊት ድግሳችንን እንመርምር። ጳውሎስ ቆሮንቶሶችን አንዱ ሲራብ ሌላው ሲሰክር የሌላቸውን ታሳፍራላችሁን ብሎ ወቅሷቸዋል (1ኛ ቆሮ. 11፥21-22)። መፍትሔው ስብከት ሳይሆን ደንብ ነው፦ ማኅበሩ ይሰብሰብና ዳቦ፣ ጠላ፣ አንድ ዓይነት ወጥ ብሎ ይወስን፤ ከዚያ በላይ የሚያቀርብም ይቀጣ። መጀመሪያ በዚህ ደንብ መታዘዝ ያለበት ሀብታሙ ነው፤ እርሱ ከቀነሰ ማንም አያፍርም።

በጦርነቱ ጊዜ «ቤታችንን ያስጠቆመው እርሱ ነው» የሚባል ሰው በመካከላችን አለ። እንዴት እንያዘው?

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወልድያን፣ ላሊበላን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ቤቱን ዘግቶ ወጥቷል። ሲመለስ በሩ ተገንጥሎ አገኘው። እግሩ ያልቻለ፣ በሽተኛ የሚያስታምም፣ ለትራንስፖርት ያልነበረው ግን ቀርቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ «እንዴት ቀረ?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ተናጋሪው ነው፦ ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው? ዘዳግም 19፥15 በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ካልሆነ ነገር አይጸናም ይላል። ዘጸአት 23፥1 ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል ይላል። በዓይኑ ያየ ካለ ለሕግ ይናገር፣ ሸክሙን ተሸክሞ በማኅበር አይቀመጥ። የሰማ ብቻ ከሆነ እዚያው ያቁም። በዘሩ ወይም በቋንቋው ምክንያት ብቻ የሚጠረጠር ሰው ደግሞ ወንድም ሆኖ ሳለ ሁለት ጊዜ ነው የተበደለው። በወሬ ብቻ ከቅሬ (ከዕድር) እና ከጽዋ የተገለለ ሰው ካለ ሄዶ የሚጠራው ያገለለው ማኅበር ነው።

ወንድሜ ረቡዕና ዓርብን አይጾምም። ዝም ልበል?

ጾሙ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፣ በዚያ አንደራደርም። ስለ ወንድምህ ግን የምታውቀው ምን ያህል ነው? ጨጓራውን የሚያስታምም፣ መድኃኒት ጀምሮ ከንስሐ አባቱ ጋር የተነጋገረ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ደግሞ ለአንተ የመንገር ግዴታ የለበትም። ሮሜ 14፥10 «አንተም በወንድምህ ላይ ስለ ምን ትፈርዳለህ?» ይላል። በስንፍና ከሆነና ቅርብህ ከሆነ ለብቻው በጨዋታ መካከል አንሳለት። የሚበላውም በጾም ቀን በሚጾመው ፊት ክትፎ አዝዞ «ና ቅመስ» ባይል መልካም ነው፤ ያው ምዕራፍ ሁለቱንም ይገሥጻል።

እህቴ ወደ ወንጌላውያን ሄዳለች። ግንኙነታችን ምን ይሁን?

እህትነቷ አልተሻረም። የእምነቱ ልዩነት እውነተኛ ነው፣ በቅዱስ ቁርባን አንገናኝም፣ ይህን አድበስብሶ ማለፍ ለማንም አይጠቅምም። ሰላምታ መንፈግ፣ ልጇ ሲታመም አለመጠየቅ፣ ለቅሶዋ ላይ አለመድረስ ግን የሃይማኖት ጥብቅና አይባልም። ክርክሩንም በሠርግና በለቅሶ ላይ አታንሱት።

ይህ ሁሉ ለክርስቲያን ወንድም ብቻ ነው? ሙስሊም ጎረቤቴስ?

ገላትያ 6፥10 ለሰው ሁሉ መልካም እናድርግ ካለ በኋላ ነው የሃይማኖት ቤተ ሰዎችን የሚጠራው። በወሎ ይህ የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ አይደለም። ልጁ ገብረ ማርያም፣ አያቱ ሐሰን የሚባሉ ቤተሰብ ስንት ነው? በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት ጉባኤ ከተደረገ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ በታዘዘ ጊዜ የተጠመቀም፣ የተሰደደም፣ ቀን እንዲህ ሌሊት እንዲያ የሆነም ነበር። የኋላው ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። በትእዛዝ የመጣ እምነት ምን ዓይነት ቁስል እንደሚተው ከእኛ በላይ ሊያውቅ የሚገባው የለም።

ዛሬ አንዱ ቅሬ ሁለቱንም ያቅፋል፤ ጥሩምባው ሲነፋ የማን ቤት እንደሆነ እንጂ የየትኛው ሃይማኖት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። በሠርግ ለየብቻ ይታረዳል፣ ድስቱም ይለያል፣ ማንም በዚህ አይቀየምም። ይህን ጨዋነት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካለው ወንድማችን ብንነፍግ ነው የሚያስገርመው። ለሼኹ ጎረቤታቸው መንገድ ለቀው የሚያሳልፉ፣ ከማኅበር ወንድማቸው ጋር ግን በድንበር ጠርዝ የሚገዳደሉ ሰዎች አሉን።

ካህኑ ቢሳሳቱስ?

በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ካልሆነ ክስ አትቀበል (1ኛ ጢሞ. 5፥19)። እውነት ከሆነ ግን ማዕረግ ከተግሣጽ አያድንም፤ ጳውሎስ ጴጥሮስን በአንጾኪያ ፊት ለፊት ተቃውሞታል (ገላ. 2፥11)። ልጅነትህን ሳትለቅ፣ ለብቻቸው ተናገራቸው፤ ካልሆነ ለሰበካ ጉባኤው፣ ከዚያም ለወረዳ ቤተ ክህነት። የገንዘብ ጉድለትና በሕፃናት ላይ የሚፈጸም በደል «አባታችንን አናሳፍር» ተብሎ አይሸፈንም።

በፌስቡክና በቴሌግራም መገሠጽ ይቻላል?

የሰውየው ስልክ ቁጥር እያለህ? ደውልለት።

ታርቀናል፣ ግን እንደ ድሮው አልሆንም። ዕርቁ ውሸት ነው ማለት ነው?

አይደለም። ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት እጅግ ተከራክረው ተለያይተዋል (ሐዋ. 15፥39)፤ አንዱ ወደ ቆጵሮስ፣ ሌላው ወደ ሶርያና ኪልቅያ። ዳግመኛ አብረው ሲጓዙ አናነብም። ሆኖም ጳውሎስ በኋላ በርናባስን በክብር ያነሳዋል (1ኛ ቆሮ. 9፥6)። ያንን ማርቆስንም ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና ይዘኸው ና ብሎ ጽፏል (2ኛ ጢሞ. 4፥11)። ስለዚህ እንደ ድሮው አንድ ማዕድ ላይ ካልተቀመጥን ብሎ ራስን ማስጨነቅ አያስፈልግም። ስሙ ሲነሳ ክፉ ካልተናገርክ፣ ሲቸገር ከደረስክለት፣ ለቅሶው ላይ ከቆምክ ዕርቁ ቆሟል። የቀረው በጊዜው ይመጣል፤ ላይመጣም ይችላል።

በማኅበራችን አብረን እናንብብ ብንል ከየት እንጀምር?

ከፊልሞና። አንድ ምዕራፍ፣ 25 ቁጥር ብቻ ነው፣ ዳቦው ሳይቆረስ ተነቦ ያልቃል። ከጌታው የጠፋውን ባሪያ አናሲሞስን ጳውሎስ ሲያስታርቅ እንዴት እንደሚናገር ተመልከቱ፦ ማዘዝ እየቻለ ይለምናል፣ የበደለውን አይክድም፣ ዕዳ ካለበት «በእኔ ላይ ቍጠር» ብሎ ራሱ ዋስ ይሆናል። በቁጥር 22 ላይ ደግሞ ማደሪያ አዘጋጅልኝ ይላል። መጥቶ ሊያድር ነው፤ ፊልሞናም አስታራቂው ቤቱ ገብቶ አናሲሞስን በምን ሁኔታ እንደሚያገኘው አስቀድሞ እንዲያስብበት ሆነ።